ሞት እንዳያውቃት

«እማማ አራባ፣ ዛሬም መጡ?» ይላል ኤቦ፣ ጦሩን ግንቡ ላይ እያስደገፈ። የምሽጉ በር ጠባቂ ነው። እናቱ ገበያ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ዓሣ ትሸጣለች።

«ታዲያ የት ልሂድ? ልጄ እዚህ ናት።»

«የከተማው ሽማግሌ ነግረውዎታል እኮ። የከተማችን ልጅ በስህተት ከገባች ትለቀቃለች፤ ባሪያ የሚገዙት ነጮችም የእሳቸውን ቃል ይቀበላሉ። የእርስዎ ልጅ ግን...» ጣቱን ጉንጩ ላይ ያስኬዳል። «ይሄ አለባት።»

በበሩ የብረት ፍርግርግ አያታለሁ። ሴቶቹን ከምድር ቤት አውጥተው ግቢው ውስጥ እያስታጠቧቸው ነው። ሱሚና ጀርባዋን ሰጥታኝ በቅል አንገቷ ላይ ውሃ ታፈሳለች። ከስታለች።

ጉንጯን ያስተለተልኳት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው ሁሉ ጡት ሳይጥሉ ሞቱብኝ። እሷ ስትመጣ የአገራችን ሴቶች የሚያደርጉትን አደረግሁ። ሞት ንቆ እንዲያልፋት ሱሚና፣ የቆሻሻ ክምር፣ አልኳት። ፊቷንም ከሰሜን ተነድተው እንደሚመጡት ባሮች አስመሰልኩት። ሌሎች እናቶች ለወጉ ያህል ጫር ጫር አድርገው ይተዋሉ። እኔ ፈራሁ፤ ሞት ለይቶ ቢያውቃትስ? ከሰሜን የመጣች ሴት ፈልጌ «እንደ አገርሽ አድርጊልኝ፣ በደንብ» አልኳት።

በደንብ አደረገችው። ልጄን ከገጠር ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ የያዟት ሰዎች፣ የማን ልጅ ነሽ ብለው እንኳ አልጠየቋትም።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው ይመጣሉ። ደክሟቸዋል። እኔም ደክሞኛል።

«አሁንም አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባቴ። ልጄ ናት። በቋንቋችን ያናግሯት እስቲ።»

«ሰው ቤት ያደገ ባሪያ ሁሉ በቋንቋችን ያወራል። እዚህ የሚመጣ ሁሉ ደግሞ ጉንጯን የተለተልኳት እኔ ነኝ ይለኛል። ቤቴ ያለው በቀቀን እንኳ ይህን ለምዶታል።»

ኤቦ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ «አባቴ፣ በስሟ ትጥራት። ከዞረች ያው ልጇ ናት» ይላል።

ሽማግሌው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «ጥሪያት። አንዴ ብቻ።»

አፌን ከፍቼ እፈራለሁ። ሱሚና ብዬ ብጠራት፣ ይኸው የባሪያ ስም ይሉኛል። የተወለደችው ዓርብ ነው። በአገራችን ዓርብ የተወለደች ሴት ልጅ ሁሉ ስሟ ኤፉዋ ነው። ሞት እንዳይሰማኝ ብዬ አንድም ቀን በዚህ ስም ጠርቻት አላውቅም።

«ኤፉዋ» ብዬ እጮሃለሁ።

ግቢው ውስጥ ያሉ የዓርብ ልጆች ሁሉ ይዞራሉ። አንዷ ብድግ ትላለች። አንዷን ቅሉ ከእጇ ያመልጣታል። ሁሉም በሩ ላይ እናታቸውን ይፈልጋሉ።

የእኔ አልዞረችም። ውሃዋን ታፈሳለች።

«አየሽ» ይላሉ ሽማግሌው። በቁጣ አይደለም። ዱላቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

«ሱሚና» እላለሁ፤ ድምፄ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

ወዲያው ትዞራለች። ሮጣ መጥታ ፍርግርጉን ትይዛለች።

«አባቴ፣ ይኸው ዞረች» ይላል ኤቦ።

ሽማግሌው አይቆሙም። «ምን ብላ ነው የጠራቻት?»

ኤቦ ዓይኑን ወደ እግሩ ይጥላል።

«እማ» ትላለች ልጄ፣ «ቅድም ማንን ነበር የጠራሽው?»

«አንቺን።»

ግራ ገብቷት ታየኛለች። እጄን በብረቱ መሃል አስገብቼ ጉንጯን እሸፍነዋለሁ። ጠባሳው መዳፌን ይሞላዋል።

«በቃ፣ እማማ» ይላል ኤቦ ቀስ ብሎ።

ሴቶቹን ወደ ምድር ቤት መንዳት ጀምረዋል። ልጄ በየርምጃው እየዞረች፣ እያየችኝ ትገባለች። ቅሏ የወደቀባት ልጅ ግን ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሜ እስክጠራት ትጠብቃለች።