የጋሼ መዝገቡ ሞንታርቦ

ጋሼ መዝገቡ ሲዲዬን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉና ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል። እንቁላል የሚመርጡ ነው የሚመስሉት።

«ጊታር አለው?»

«ትንሽ።»

«ድራምስ?»

«እሱም... ማለቴ፣ ያን ያህል አይደለም።»

ውሸቴን ነው። ድራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው የቀዳነው፤ ከሥር ላሜራ ሲቀጠቀጥ ዝም እያልን፣ መዶሻው ሲያርፍ እየዘመርን። በግሌ ያወጣሁት የመጀመሪያ አልበሜ ነው። በግሌ ማውጣቴ ደግሞ ወድጄ አይደለም። የመዝሙር አከፋፋዮቹ «እህታችን፣ ይሄ እኮ ዘፈን ነው» ብለው መለሱኝ። የዘፈኖቹ ደግሞ «ይሄማ መዝሙር ነው» አሉኝ። ካዛንቺስን ዞሬ ዞሬ የቀረኝ የጋሼ መዝገቡ ሙዚቃ ቤት ብቻ ነው።

ጋሼ መዝገቡ ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑን በሙሉ ካርቶን ውስጥ ከተው መዝሙር ብቻ ይሸጣሉ። አምና ሳክስፎን ያለበት መዝሙር ቢያጫውቱ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት እናቶች እያማተቡ ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ፤ እስከ ፋሲካም አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ሲመጣላቸው ቁጭ ብለው አይሰሙትም። በር ላይ ያለውን ትልቁን ሞንታርቦ ወደ መንገዱ አዙረው ይለቁትና በመስታወቱ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ።

«እኔ ጆሮ የለኝም» ይሉኛል። «ነጠላና እግር ነው የማየው። ነጠላዋን ወደ ራሷ ከሳበች መዝሙር ነው፣ እወስድልሻለሁ። እግሯን ካነቃነቀች ግን በቃ፣ ከፋሲካ በኋላ ነይ። ያኔ ደግሞ መዝሙር የሚገዛ የለም።»

ይሄስ ይሁን። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ኡራኤል ቅዳሴ አልቋል፤ በዚህ መንገድ እናቴም ትመጣለች።

እናቴ፣ ወይዘሮ ለተገብርኤል፣ አልበሙን አልሰማችውም። ጊታሩን የገዛሁ ዕለት «ጓለይ፣ ዘፋኝ ከሆንሽ ዘፋኝ ሁኚ፤ መሐሉ ላይ እግዚአብሔርን ምን አስገባው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም። ቤት ውስጥ ስለማመድ ነጠላዋን አንጠልጥላ ትወጣለች። አከፋፋይ እንቢ ቢል ሌላ ይፈለጋል። እናቴ ዘፈን ነው ካለች ግን እንደገና አፌን ከፍቼ የምዘምር አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ ነገ ብናደርገውስ?»

«ምነው መርሃዊት፣ ፈራሽ?»

«አይ... ማለቴ፣ ዛሬ ሰው ደክሞታል።»

«የጾመ ሰው ነው ደህና አድርጎ የሚሰማው» ይሉና ቁልፉን ይጫኑታል።

ጊታሩ ይጀምራል፤ ድራሙ ተከትሎ ይገባል። ወይ ጉዴ! ቡልጋሪያ እንዲህ አይጮህም ነበር። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ሞንታርቦውን ይገላምጡታል። ሁለት ልጃገረዶች ተያይተው ይስቃሉ። ጋሼ መዝገቡ እጃቸውን የድምፁ መቀነሻ ላይ ያደርጋሉ።

«ግጥሙ እስኪገባ ይታገሱኝ፣ በእመቤታችን!»

እጃቸውን ግን አያነሱም።

ያኔ ነው እናቴን የማያት። ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ብርነሽ ጋር ናት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ጾሙ ፊቷን አክስቶታል። እንድታልፍ እጸልያለሁ። እንድትቆምም እጸልያለሁ። የትኛውን እንደምፈልግ እሱ ይወቀው።

በሩ ፊት ለፊት ስትደርስ ትቆማለች።

«ኧረ በሁዳዴ!» ይላሉ ወይዘሮ ብርነሽ፣ ከሞንታርቦው በላይ እየጮሁ። «ደግሞ ዘፈን ጀመሩልን?»

ድምፄ ይገባል። «ቤቴ ቢፈርስም አምላኬ፣ ደጄን አንተ አትስተውም...» ይሄን የጻፍኩት የሰንጋ ተራው ቤታችን የፈረሰ ሰሞን ነው። ዶዘሩ ሲመጣ እናቴ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ግን ሐሳብ ይዟት ሲሄድ ታክሲ ውስጥ «ሰንጋ ተራ ወራጅ አለ» እያለች እየወረደች፣ ስንት ቀን እስከ ካዛንቺስ በእግሯ መጥታለች።

«አሁን ይሄ መዝሙር ነው? በይ እንሂድ!»

«ዝም በዪ እስቲ፣ ብርነሽ» ትላለች እናቴ። እሷም ጮክ ብላ ነው። «ቃሉን ስሚው።»

ወደ ሱቁ አታይም። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች። የማን ድምፅ እንደሆነ ማወቋ ግን ያስታውቃል፤ አገጯ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ ወደ ትከሻዋ ትልክና ነጠላዋን ስባ ፀጉሯን ትሸፍናለች፤ እስከ ግንባሯ ድረስ።

«አየሽ?» ይላሉ ጋሼ መዝገቡ። እጃቸው ከመቀነሻው ላይ ይነሳል። «ነጠላ!»

አያለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ ማልቀስ ያምረኛል። እንባዬን ለመደበቅ ዝቅ ስል ግን ክው እላለሁ። ከነጩ ቀሚሷ ሥር የጥቁር ጫማዋ ጫፍ አስፋልቱን ይመታል። ድራሙን ተከትሎ ነው፤ አንድም አይስትም።

ጋሼ መዝገቡ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወደ መስታወቱ ይጠጋሉ። እቀድማቸዋለሁ። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ሰፊውን ጉርዴን በሁለት እጄ ዘርግቼ የመስታወቱን የታችኛውን ግማሽ እጋርደዋለሁ። በትከሻዬ በኩል ያዩ። የሚታያቸው ነጠላዋ ብቻ ነው።