አንተና አንቺ

ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አሮጌ ቪላ፣ ኦቲዝም ያለባቸው የሐበሻ ልጆች ይማሩ ነበር። ትምህርት ቤቷን ያቋቋሟት ወላጆች ናቸው፤ የሚመሯትም እነሱው፣ ቦርድ ተብለው። ቦርድ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበው የሚጨቃጨቁ አራት ሰዎች ናቸው።

ሰብሳቢው ኢንጂነር ዘመድኩን ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር፣ የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና የሚጠራው ሰው። ነርሷ ገሊላ ሚስቱ ናት። የአውሮፕላን ቴክኒሻኑ ዳንኤልና ርዕሰ መምህርቷ ሮማን ቀሪዎቹ ናቸው።

የዚያ ሐሙስ አጀንዳ አንድ ነበር፤ ራዲያ ትባረር ወይስ ትቆይ?

ራዲያ ልጆቹን ታበላለች፣ ታጥባለች። ከጅማ ገጠር መጥታ አማርኛ የለመደችው እዚሁ ሪያድ ስለሆነ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። ልጆቹን ለምሳ የምትጠራው ሳህን በማንኪያ እየመታች ነው። ከተባረረች ከፊሏ፣ ማለት ዋስ የሆናት አሠሪ፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ይሰርዛል። ኢቃማ ከሌለ ተርሂል ነው፤ ታስሮ ወደ አገር መጠረዝ። አገር ቤት ደግሞ በእሷ እጅ የሚያድሩ ልጆች አሏት።

ክሱን ያመጣችው ገሊላ ናት። ልጇ ረድኤት ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው "ውሃ" እንኳ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ክፍል ውስጥ፣ ሮማን ፊት፣ ጠረጴዛውን ሦስቴ ቆርቆር አድርጎ አፉን ፈታ። ሳይጮህ፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

"ዝም በይ። ጥርስሽን ነው የማረግፈው።"

ሮማን ጉዱን ስትነግራት ገሊላ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። "ራዲያ ናት!" አለች፤ ሳይጠሯት ወይ ባይ።

መኪፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የስብሰባው ክፍል እንደ ዳቦ ቤቱ ይጋግራል። ሮማን አባያዋን አውልቃ በወረቀት ታራግባለች። ገሊላ ከነአባያዋ፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ጎትታ ተቀምጣለች። ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ የቸኮለች ትመስላለች።

"ረድኤት እንደ ቴፕ ነው" አለች ሮማን። "የሰማውን ይደግማል እንጂ ቃል አይለውጥም።"

"ታዲያ ለወንድ ልጅ ዝም በይ ይባላል እንዴ?" አለ ዳንኤል። "ለሴት የተባለ ነገር ነው የሚመስለው።"

ገሊላ ጥያቄው መሬት ሳይነካ ቀለበችው። "ወንድሜ፣ ወንዱን አንቺ የምትል ማን ናት? ትናንት አንተን ራስህን 'ቁጭ በይ' አላለችህም?"

ሁሉም ሳቁ። ዳንኤልም አብሮ ሳቀ።

"እስቲ አንቸኩል" አለ ዘመድኩን። "የሰው እንጀራ ነው። ትጠራና ትናገር።"

ሳቁን ለማብረድ የጋብቻ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አደረገ። ራዲያም የውሃ ትሪ ይዛ፣ ብርጭቆው እየተንኳኳ ገባች። ጥግ ላይ የጠርሙስ ክዳን ይደረድር የነበረው ረድኤት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

"ዝም በይ። ጥርስሽን ነው የማረግፈው።"

ሁሉም ዞረው ራዲያን አዩ።

"አያችሁ?" አለች ገሊላ። "ገና ሲያያት!"

ራዲያ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። "ወላሂ እኔ አላልኩም!" ወደ ሰብሳቢው ዞረች። "ጌታዬ፣ እመኚኝ! እኔ ልጅ አልሳደብም!"

ሮማን አፏን በእጇ ያዘች። ምስኪን ራዲያ! "እመኚኝ" ያለች ጊዜ በገዛ አፏ ተቀበረች።

ራዲያ ግን ፊቷን ወደ ገሊላ መለሰች። "እህቴ፣ አንተ ታውቃለህ እኮ! ለምን አትነግራቸውም?"

ገሊላ ዐይኗን ሰበረች። ይህችን ሴት ከአንጀቷ ነበር የምትጠላት። ባለፈው ወር ልጇን ልትወስድ መጥታ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ስትታጠብ፣ ራዲያ ፎጣ አቀብላት ክንዷን ቀስ ብላ ዳበሰችና "እህቴ፣ አይዞህ" አለቻት። የልጆች አጣቢ ታዝንልኝ! ብላ ተቃጠለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ዐይን ማየት አስጠልቷታል።

"ገሊላ፣ ተርሂል ነው የምትገባው" አለ ዳንኤል። "እርግጠኛ ነሽ?"

ገሊላ አፏን ከፈተች። ዘመድኩን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እርግጠኛ ነኝ" አለች።

ትባረር ለሚለው የሮማን እጅ ወጣ፣ የገሊላ ወጣ፣ የዳንኤልም እያመነታ ተከተለ። ዘመድኩን ግን፣ "እኔ የልጁ አባት ነኝ፤ ድምፅ ብሰጥ አድልዎ ይሆንብኛል" ብሎ እጁን አጣጠፈ።

"ሰው ማለት አንተ ነህ" አለው ዳንኤል።

ራዲያ አላለቀሰችም። በሩ ጋ ጎንበስ ብላ የረድኤትን ጫማ አሰረችለት። "ደህና ሁኚ፣ የኔ ጌታ" አለችው። ልጁ ጣቷን ይዞ አልለቅም አለ፤ ገሊላ ነች ፈልቅቃ ያላቀቀችው።

ወደ ዑረይጃ፣ ወደ ቤታቸው ሲነዱ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ዘመድኩን መሪውን በአንድ እጁ ይዟል፤ ረድኤት ከኋላ መስኮቱን ይልሳል።

"ኸላስ፣ አለቀ" አለ ዘመድኩን። "ጥሩ ተናገርሽ።"

ገሊላ አባያዋን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን አሸት አሸት አደረገች። "ልጆች አሏት" አለች።

ዘመድኩን ረድፍ ቀየረ።

"ነገ ለሮማን ልደውልላት" አለች ገሊላ። "ራዲያ እንዳልሆነች፣ እኔ ዋሽቼ እንደ—"

ቀለበቱ መሪው ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

ረድኤት ጆሮውን ደፍኖ፣ አባቱን ቀድሞ፣ በዚያው በአባቱ ዝግ ያለ ድምፅ "ዝም በይ። ጥርስሽን ነው የማረግፈው" አለ።