ድልህ የሸተተው ስፌት

ዶክተር ፒዮ የውሻውን ፋሻ ፈቱና ስፌቱን ዙሪያውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«የአኩሪ አተር ድልህ ነው» አሉ። «ቤት ውስጥ አሮጊት አለች?»

የውሻው ባለቤት ናምሂ አንገቷን ደፋች። አማቷ አብረዋት ይኖራሉ። በረንዳው ላይ የደረደሯቸው የድልህ ማሰሮዎች ሽታ ከላይ ቤትም ከታች ቤትም ሰው ያጣላል። ንብ ሲነድፍ ድልህ፣ እሳት ሲያቃጥል ድልህ ነው መድኃኒታቸው።

ማሳን ከተማ ውስጥ እንስሳ ያለው ሁሉ ዶክተር ፒዮን ያውቃቸዋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስል እንዳያመረቅዝ በየአዳራሹ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። የክሊኒካቸው ግድግዳ እጅ አስተጣጠብ በሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሸፍኗል፤ በሁሉም ላይ የሚታጠቡት ራሳቸው ናቸው። የውሻዋን የቦሪን የተሰበረ እግር የጠገኑ ዕለት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ዝንብ እንኳ እግሯን ሳትታጠብ የምትገባ አይመስልም ነበር።

ስፌቱ ግን ይኸው ደግሞ መግል ቋጠረ።

«የኔ ሥራ ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ከቤት ነው የሚመጣው» አሉ ዶክተሩ። «አንዴ ከደገመው እግሩን እቆርጠዋለሁ።»

ናምሂ ቤት ገብታ ስትጠይቃቸው አማቷ ማሉ፣ ተገዘቱ። ባሏ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። አላመነቻቸውም፤ ቦሪ የሚውለው እሳቸው እግር ሥር ነው።

«እማማ፣ ደግ የሠሩ መስሎዎት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እግሩ ሊቆረጥ ነው።»

«ያንን ድልህ ለገዛ እህቴ እንኳ ቆጥቤ ነው የምሰጣት» አሉ አሮጊቷ። «ውሻ ልቀባበት?»

በነጋታው ማሰሮዎቻቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ገጠር ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ። ናምሂ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘቻቸው፤ ዞረው አላይዋትም። በረንዳውን በበረኪና አጠበችው። ቦሪ በሩ ሥር ተጋድሞ ሴትዮዋን ይጠብቅ ጀመር። ያም ሆኖ መግሉ ደረቀ፣ እብጠቱ ጎደለ። ናምሂ አማቷን ማባረሯ ቢከነክናትም ልክ እንደነበረች በማወቋ ልቧ ቀለል አላት።

የቀጠሮዋ ሰዓት እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ ነበር። መንገዱ ስለቀለለ ቀድማ ደረሰች፤ የክሊኒኩ ረዳትም ግቢ አለቻት። ዶክተር ፒዮ ገና ምሳቸውን እየበሉ ነው። የሰላጣ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ዘረጉ፣ የተጠበሰ ሥጋ ጣል አደረጉበት፣ ድልሁን በጣታቸው ዛቅ አድርገው ቀቡት፣ ጠቅልለው ጎረሱ። አንድ ደገሙ። ጣታቸውን ላሱና ጋዋናቸው ላይ ጠረጉ። ከዚያ ቦሪን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ፋሻውን ፈቱ፣ ስፌቱን ዙሪያውን ጫን ጫን አደረጉት፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

ቀና ሲሉ ፊታቸው አዝኗል።

«አማትሽ ተመልሳ መጥታለች ማለት ነው።»