የጋሽ ገብረዋህድ አንድ ቃል

አሉላ ካዛንቺስ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሥራ ሲጨርስ ደግሞ ጋሽ ገብረዋህድን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያስጠናል። ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ባለፈው እሁድ እኚሁ ሰውዬ ዘንድ ሽማግሌ ልኳል፤ ልጃቸውን ሰገንን ለማግባት። እሳቸውም "ከዘመድ ተማክሬ የዛሬ ሳምንት መልስ እሰጣለሁ" ብለው ሸኟቸው።

እንግዲህ ልጁ ራሱ "ምን ወሰኑ?" ብሎ አይጠይቅ ነገር፣ ነውር ነው። እሳቸውም ምንም እንዳልሰሙ ሆነው መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። ሰው እንዴት ይህን ይችላል!

አርብ ዕለት፣ "ዛሬ የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው" አሉት። "ፕሪስቲጂየስ። እሁድ ሰው ፊት እናገረዋለሁ።"

እሁድ ከሰዓት መስቀል ፍላወር የከፈቱት ፔንሲዮን ይመረቃል። የእሱ ነፍስ ተንጠልጥላ እሳቸው ስለ ምርቃት ንግግር! አሉላ ደሙ ፈላ።

"ስምና ክብር ያለው ማለት ነው፣ ጋሼ። ሰው ሲሰማው 'እንዴ!' የሚልለት።"

"ለምሳሌ አስተማሪ።"

"ኧረ ጋሼ! አስተማሪ እንኳ አይደለም።"

"ትውልድ የሚቀርጸው ማነው ታዲያ?"

"እሱ ሌላ ነው፤ ጠቃሚ ነው በሉት። ፕሪስቲጂየስ... ማለቴ፣ ሐኪም፣ ፓይለት፣ አምባሳደር።"

"እኔ እኮ ልጅ ሆኜ አስተማሪዬን ሳይ መንገድ እለቅ ነበር።"

"ድሮ ነዋ! ዛሬ ተማሪዬ ታክሲ ውስጥ ረግጦኝ ነው የሚያልፈው።"

ሰውዬው ግን ድርቅ አሉ። ሐኪሙን ሲላቸው አስተማሪውን፣ ፓይለቱን ሲላቸው አስተማሪውን።

"በቃ!" አሉላ ጠረጴዛውን መታው። "ሰው ፊት እንዲህ ቢሉ ይሳቅብዎታል። አስተማሪ ፕሪስቲጂየስ አይደለም። አለቀ!"

ጋሽ ገብረዋህድ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "እሺ፣ አዋቂው አንተ ነህ" አሉት።

እሁድ ረፋድ ላይ አሉላ ለገሃር ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶው ቀዘቀዘበት። ሽማግሌዎቹን የመሩት አቶ ገብረመስቀል ብቻቸውን መጡ። ፊታቸው ደስ አይልም።

"እምቢ አሉ?"

አቶ ገብረመስቀል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"'ወንድሞቼ ልጁ ፕሪስቲጂየስ ሥራ የለውም ብለው ሲሞግቱኝ ከረሙ' አሉ። 'የቃሉን ፍቺ ከራሱ ተምሬ ዛሬ ኩም ላደርጋቸው ነበር። እሱ ራሱ አይደለም ካለ፣ እኔ ማነኝ?'"