ነይ

«መጣሁ፣ እናቴ ነይ እያለችኝ ነው» ብላ ጽፋ ላከችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሮጠች።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከመርፌና ክር ጋር ትታገላለች። «ዓይኔ እኮ ከዳኝ» አለች። «አንቺ ደግሞ ከዚያ ስልክ ጋር ተጋብተሻል መሰለኝ። ባል እንኳ አንዳንዴ ይሰለቻል።»

ልጇ ሳቀች። ክሩን በምላሷ አርጥባ በመርፌው ዓይን አሾለከችና በጥድፊያ ተመለሰች።

ቀልቧ ስልኩ ላይ ነው። በበይነ መረብ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ፤ እሷም «ቀለም» በሚል የብዕር ስም ቃል ስትለቅምና ስታርም ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የቡድኑ አስተባባሪ ይመረጣል። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ሁሉ ወደ እሷ ነበር። «ከጋሽ ቀለም ሌላ ማን አለን!» ይላል አንዱ። «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ይላል ሌላው። ጋሽ ያሏት ራሳቸው ናቸው፤ እሷ አልዋሸችም። ሰው «እኔ» ብሎ ሲጽፍ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ቋንቋው ራሱ ሸሽጓታል። ቦታውን ደግሞ ፈልጋዋለች፤ ለፍታበታለች፤ በመፈለጓም አላፈረችም።

ስልኩን ስታነሳ ነገር ዓለሙ ተገለባብጦ ጠበቃት።

«ነይ???»

«ጋሽ ቀለም፣ ሴት ነሽ እንዴ? ሃሃሃ!»

«እስቲ ፎቶ ላኪ፣ እንተዋወቅ።»

«ባለትዳር ነሽ?»

ፊቷ ጋለ። ወደ ላይ ተመልሳ የጻፈችውን አየች። ነይ። እንጀራዋ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚነት ነው፤ ከሰው ጽሑፍ ስንቱን እንክርዳድ ስትለቅም ኖራ የራሷን አንዲት ቃል አሳለፈች።

ባለጌዎቹስ ግድ የለም፣ ለምዳቸዋለች። አንጀቷን ያሳረራት «ባለ መነጽሩ» ነው፤ ጠዋት ድምፁን የሰጣት፣ ስታርመው የሚያመሰግን፣ ጨዋ የምትለው ሰው። «እህቴ» ብሎ ጀመረ። «ለአንቺው አስቤ ነው። አስተባባሪ ላይ ስድብ ይወርዳል፤ የቤት ኃላፊነትም ይኖርብሻል። የሰጠሁሽን ድምፅ ባነሳ አትቀየሚኝ። ትናንት ለ‹ቅሬታ› የሰጠሽውን ፍቺም ለጊዜው አንስቼዋለሁ። መመሪያውን ረጋ ብለሽ አንብቢው፤ ካልገባሽ አስረዳሻለሁ።»

መመሪያውን የጻፈችው እሷ ናት።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዋ። ሌሎቹም «እህታችን ላይ ሸክም አንጫን» እያሉ ድምፃቸውን አንድ በአንድ አነሡ። ሰውዋ ያችው፣ ሥራዋም ያው። ጠዋት እኮ አንቱ ሊሏት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ጣቷ ከቡድኑ ወደሚያስወጣው ቁልፍ ሄደ። «ውጣ» ይላል። እሱ እንኳ «ውጪ» አላላትም።

«ምን ሆነሻል?» አለች እናቷ ከመስኮቱ ሥር። «ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ሴት መሆኔን አወቁ።»

«እንዴ! ታዲያ ምን መስለሻቸው ነበር?»

ወዲያው ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «መብረቅ» ነው። በቡድኑ ውስጥ የሚፈራ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሰነፍ ፍቺ ካየ እሳት ይተፋል፤ «አባ መብረቅ መጣ» ከተባለ ሁሉም የጻፈውን ለማስተካከል ይሯሯጣል። እሷም ብትሆን ትፈራዋለች። አሁንስ አለቀልኝ አለችና ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

«የእኔ ድምፅ ከቀለም ጋር ነው። የተነሣው ፍቺም ይመለስ፤ እንከን የለበትም።»

ከሥሩ ሌላ መስመር መጣ።

«እኔንም ቤት ውስጥ ነይ ነው የሚሉኝ።»

ደግማ አነበበችው። ያ ሁሉ ነጎድጓድ፣ ያ ሁሉ «አባ መብረቅ»! ባለ መነጽሩ መጻፍ ጀመረ፤ ተወው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተወው።

«ኧረ ይህ ክር እንደገና ወለቀብኝ!» አለች እናቷ።

«መጣሁ፣ እማዬ፣ አንዴ ብቻ።»

ጣቷን «ውጣ» ከሚለው ላይ አነሣች። ለመብረቅ አንዲት ቃል ጻፈች፤ አራሚ ናትና ከመላኳ በፊት አነበበቻት። ስህተት የለባትም።

«ነይ።»