የምታነባዋ ዓይን

የልጇ ግራ ዓይን ከተወለደ ጀምሮ ታነባለች፤ ጠዋት ጠዋት በዓይናር ተጣብቃ ነው የምትገኘው። አማቷ «የሰው ዓይን ነው፤ ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አይወጣም» ብለው መስኮቱን በጋቢ ጋረዱት። እሷ ግን ይታወርብኛል ብላ እንቅልፍ አጣች። አማቷ ለቅሶ ሲሄዱ ልጁን በነጠላ ሸፍና ጤና ጣቢያ ሮጠች።

ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አይቶ ፈገግ አለ። «የእንባ መውረጃዋ ተዘግታ ነው። እጅሽን ታጥበሽ ከአፍንጫው አጠገብ ቀስ ብለሽ አሸት አሸት አድርጊለት፤ ትከፈታለች። አታስቢ፣ እህቴ።»

እፎይ አለች። ነጠላውን መልሳ ልታለብሰው ስትል ሐኪሙ እጇን ያዛት። ባትሪው ማንም ዞር ብሎ ያላያት፣ ደረቋ ቀኝ ዓይን ላይ በርቷል። የልጁ ዓይን አልተርገበገበችም።

«ይችኛዋስ፣ ቤት ውስጥ ብርሃን ስታይ ትጨፈን ነበር?»

ልጁ ከተወለደ ጀምሮ መስኮቱ ተጋርዶ ነው የኖረው። ብርሃን አሳይተውት አያውቁም።