ወር ይቅደም የተባለ ዕለት

«ለመላው ሠራተኛ! በቀጠሮ መልእክት ላይ ቀን በቁጥር ብቻ ይጻፋል። ወር ይቀድማል፤ ቀን ይከተላል። ይህን የተላለፈ ወዮለት!»

የዓይን ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አዋጁን ያነበቡት ብድግ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው። መላው ሠራተኛ የተባለችው አንዲት ሴት ናት፤ የመልእክት መላኪያው ፕሮግራም ኃላፊ። ከወንበሯም አልተነሳችም።

ፕሮግራሙ እኩለ ቀን ሲሆን ለታካሚዎች ማስታወሻ በራሱ ይልካል። ቀኑን በምን መልክ እንደሚጽፍ የሚያዘው አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ዛሬ ጠዋት ቀይራዋለች፦ የዕለቱ ስም፣ ቀኑ፣ የወሩ ስም በፊደል፣ ከዚያ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት»።

«መልሺው! ዓለም አቀፍ አሠራር ነው።»

«ጋሼ፣ ዓለም አቀፉ እኛ ጋ አይታከምም።»

እናቷ ግን ይታከማሉ። ባለፈው «3/4» የሚል መልእክት ደረሳቸው፤ ወር ስለሚቀድም የሦስተኛው ወር አራተኛ ቀን ማለት ነበር። ልጄን ላላስቸግር ብለው፣ በአራተኛው ወር በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ግድግዳ እየዳበሱ መጡ። የቀዶ ጥገናው ተራ ካለፈ ወር ሊሞላው ነበር። ተረኛዋ ነርስ «እማማ፣ ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት፣ «አይ፣ አልችልም» ብለው ተመለሱ።

«ታዲያ ለእናትሽ ደውለሽ ንገሪያቸዋ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ስልክ ጠፋ?»

«ለሰው ሁሉ እናት ማን ይደውል? እርስዎ?»

«አንቺ ልጅ፣ እንጀራሽን በእጅሽ እየገፋሽ ነው። ወይ ትመልሺዋለሽ፣ ወይ የቢሮውን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ!»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መልሳ አላነሳችውም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኮምፒውተሩ ተንደረደሩ፤ መዳፊቱን ወዲያ አሉት፣ ወዲህ አሉት። መስመሩ የት እንዳለ አያውቁም። መጠየቅ ደግሞ ሞታቸው ነው።

እኩለ ቀን ሆነ። ማያ ገጹ ላይ «ተልኳል» የሚለው ቃል ከላይ እስከ ታች ተደረደረ።

«ምክንያትሽን በጽሑፍ አብራሪ!» ወረቀት ወረወሩላት። «አሁኑኑ!»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከወረቀቱ አናት ላይ የዕለቱን ስም፣ ቀኑን፣ የወሩን ስም ረጋ ብላ በፊደል ጻፈች። ሰዓቷን አየችና «ከሰዓት» ብላ ጨመረችበት። ከሥሩ ደግሞ፦

«አላብራራም።»